በቀጥታ በተሰነጠቀ ሳንቃ ላይ የዛፍ ዳር ስለ ማውጣት

የእጅ ሥራ ትምህርት፤ ለአስተማሪዎችና ለአገር ሽማግሌዎች

መግቢያ

የእጅ ሥራ ትምህርት ለተማሪዎች ሦስት ነገር ያተርፍላቸዋል። አንደኛ እጅን ያለማምዳል፤ ሁለተኛ ዐይንን ማስተዋል ያስተምራል፤ ሦስተኛ ልብን በእውነት ያጸናል። እጁ ሠልጥኖ ዐይኑ የማያስተውል አናጢ ዕንጨት ያጠፋል። እጁና ዐይኑ ሠልጥነው በልቡ እውነት የሌለበት አናጢ ደግሞ ሰውን ያታልላል። ከዚህ በታች የተጻፈው ትምህርት ስለ አንድ ትንሽ ሥራ ነው፤ ይኸውም በመጋዝ ቀጥ ብሎ የተሰነጠቀ ሳንቃ ዳሩ የዛፍ ጐን መስሎ እንዲታይ ስለ ማድረግ ነው። ሥራው ትንሽ ቢሆንም ሦስቱን ሁሉ በአንድነት ስለ ያዘ ለትምህርት የተመቸ ነው።

ነገሩ እንዲገለጥ አስቀድሞ ምሳሌ ይቅረብ። በአንድ የባላገር ትምህርት ቤት መጻሕፍት የሚዘረጉበት ትልቅ ጠረጴዛ አስፈለገ እንበል። ከከተማ የመጣ እንግዳ፥ ዳሩ እንደ ዛፍ ጐን ጐበጥ ሰርጐድ ያለ ያማረ ጠረጴዛ በፎቶግራፍ አሳይቶ ነበርና፥ የሰፈሩ ሰዎች «የእኛም እንደዚህ ይሁን» አሉ። በትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥ ብዙ ዘመን የቆየ ዋንዛ ቆሞ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ተነሥቶ «ዋንዛው ይቈረጥና ይሰንጠቅ» አለ፤ ብዙዎችም ተስማሙ።

አንድ ሽማግሌ ግን ወደ አስተማሪው ዘወር ብለው «የኔታ፥ ልጆቹ ፍሬውን የሚለቅሙትን፥ ንቡ አበባውን የሚቀስመውን፥ እኛም ከጥላው ሥር የምንሸመግልበትን ዛፍ ለአንድ ጠረጴዛ ብለን እንቍረጠውን? ሌላ ብልኀት የለምን?» ብለው ጠየቁ።

አስተማሪውም «አባቴ፥ ከፈረሰው ጐተራ መዝጊያ የወጣ ደረቅ የዋንዛ ሳንቃ አለ። ዳሩ በመጋዝ ቀጥ ብሎ የተሰነጠቀ ነው፤ ቢሆንም በእጅ የዛፍ ዳር ሊወጣለት ይቻላል» አለ።

«እንዲህ ከሆነ መልካም ነው። ነገር ግን ጠረጴዛውን አይቶ ለሚጠይቅ ሁሉ ዳሩ የእጅ ሥራ መሆኑን ይነግሩታልን?»

«እንነግራለን፥ አባቴ።»

«እንኪያስ ዛፉ ይቁም» አሉ ሽማግሌው።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ጥያቄ ይወጣል። አንደኛው ሥራው እንዴት ይሠራል? የሚል ነው። ሁለተኛው መልክን ማስመሰል ከሐሰት የሚለየው በምንድር ነው? የሚል ነው። ትምህርቱ ሁለቱንም በየተራ ይመልሳል።

1ኛ፤ የዛፍ ዳር ማለት ምን እንደ ሆነ

ግንድ በቁመቱ ሲሰነጠቅ፥ ከቅርፊቱ በታች ያለው የግንዱ የራሱ መልክ በሳንቃው ጐን ላይ ሳይጠረብ ሲቀር ያ ጐን የዛፍ ዳር ይባላል። አናጢዎች አብዛኛውን ጊዜ ይህን ዳር ቈርጠው ይጥሉታል፤ ቀጥ ያለ ዳር ለመለካት፥ ለመግጠምና ለመደርደር ይመቻልና።

ይህን ይጣል የነበረውን ዳር በቤት ዕቃ ላይ በክብር በማስቀመጥ ስማቸው ከታወቀው ጥበበኞች አንዱ በአሜሪካ የኖረው ጆርጅ ናካሺማ ነው። ወላጆቹ ከጃፓን የመጡ ሲሆኑ እርሱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1905 ዓመተ ምሕረት በዋሽንግተን ግዛት በስፖካን ከተማ ተወለደ። ትምህርቱም የሕንፃ ንድፍ ነበረ። በ1942 አሜሪካና ጃፓን በጦርነት ላይ ሳሉ የአሜሪካ መንግሥት ከጃፓን ዘር የተወለዱትን ሰዎች ሲያግዝ፥ እርሱም ከሚስቱና ከሕፃን ልጁ ጋራ በአይዳሆ ግዛት ሚኒዶካ በሚባል ሰፈር ታገደ። በዚያም የጃፓንን የአናጢነት ጥበብ ያወቀ ጌንታሮ ሂኮጋዋ የሚባል ሰው አገኘና ከእርሱ ተማረ፤ ዕንጨታቸውም በሰፈሩ የተገኘው ትርፍራፊ ነበር። በ1943 ከእገዳው ወጥቶ በፔንሲልቬኒያ ግዛት ኒው ሆፕ በሚባል ስፍራ ተቀመጠና፥ የግንዱን ዳርና ስንጥቅ ሳይሸሽግ ብዙ ጠረጴዛ ሠራ። በ1990 ዐረፈ።

ከዚህ ሰው ታሪክ አስተዋይ የሚያገኘው ትምህርት አለ። ሌላው ጉድለት ነው ብሎ የሚጥለውን እርሱ ውበት አድርጎ ተቀበለው። ደግሞም ጥበቡን የቀሰመው ብዙ ዕንጨት በተከመረበት ቦታ ሳይሆን ትርፍራፊ በሚለቀምበት ሰፈር ነው።

ነገር ግን ለሰፊ ጠረጴዛ የሚበቃ ሳንቃ ከነዳሩ ለማግኘት ወፍራም ግንድ ያሻል፤ ወፍራም ግንድም በአንድ ሰው ዕድሜ በቶሎ አይገኝም። ስለዚህ ቀጥ ካለ ሳንቃ ላይ ዳሩን በእጅ ማውጣት የቆመውን ዛፍ ከመጥረቢያ የሚያድን ብልኀት ሊሆን ይችላል።

2ኛ፤ ዛፍ ዳሩን እንዴት እንደሚያበጅ

ሥራውን የሚጀምር ሰው አስቀድሞ የዛፍን አስተዳደግ ይወቅ። ዛፍ የሚወፍረው ከቅርፊቱ በታች፥ ከቀድሞው ዕንጨት በላይ፥ አዲስ ዕንጨት እየደረበ ነው። ስለዚህ የግንዱ ዳር የመጨረሻው ድርብ ነው። በሳንቃው ገጽ ላይ እንደ ጅማት ተዘርግተው የሚታዩት መስመሮችም የቀደሙት ድርቦች ናቸው። ከዚህ አራት ምልክቶች ይገኛሉ።

ሀ) ጅማቱ ዳሩን ይከተላል። ዳሩ ወደ ውጭ ሲወጣ በአጠገቡ ያለው ጅማት አብሮ ይወጣል፤ ሲሰርጐድም አብሮ ይሰርጐዳል።

ለ) ቅርንጫፍ በወጣበት ቦታ ግንዱ ያብጣል። በሳንቃው ላይ የቅርንጫፉ አንጓ እንደ ዐይን ሆኖ ሲታይ ጅማቱ በዙሪያው ይዞራል።

ሐ) ከግንዱ ልብ ራቅ ብሎ የተሰነጠቀ ሳንቃ ሁለት ገጾቹ እኩል ስፋት የላቸውም። ወደ ልብ የሚመለከተው ገጽ ይሰፋል፥ ወደ ቅርፊት የሚመለከተው ይጠባል። ስለዚህ ዳሩ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ያዘነብላል።

መ) በብዙ ዛፎች ከቅርፊቱ አጠገብ ያለው ዕንጨት ነጣ ያለ ነው፥ ወደ ልብ ያለው ይጠቍራል። ይህ በዋንዛ ላይ በግልጥ ይታያል።

እነዚህን አራት ነገሮች ያልተመለከተ ሰው ዳሩን ቢያጣምም የተጣመመ ሳንቃ ያገኛል እንጂ የዛፍ ዳር አያገኝም።

3ኛ፤ ስለ ሳንቃው ምርጫ

ሳንቃው አስቀድሞ የደረቀ ይሁን። እርጥብ ዕንጨት ከተሠራ በኋላ ይሰነጠቃል፥ ይጣመማልም። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ አናጢዎች በነፋስ ለሚደርቅ ሳንቃ በየ2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት 1 ዓመት ያህል ይቈጥራሉ፤ ይህ ግን እንደ ዛፉ ዐይነትና እንደ አገሩ አየር ይለያያል። መድረቁን ለማወቅ የሚሻ ሰው ሳንቃውን በየ2 ሳምንቱ ይመዝነው፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲተው ያን ጊዜ ደርቋል።

ከዛፎች ሁሉ ዋንዛ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ለመሣሪያ ይታዘዛልና። ጥድም ቀጥ ያለ ጅማትና መልካም ሽታ ስላለው ይስማማል፤ ነገር ግን በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ መሮ የሚይዝ ሰው ይጠንቀቅ። ባሕር ዛፍ በየስፍራው ይገኛል፤ ሆኖም ሲደርቅ መሰንጠቅና መጣመም ይወዳልና በጥላ ሥር፥ ተደርድሮና ድንጋይ ተጭኖበት ቀስ ብሎ ይድረቅ። አሮጌ የመዝጊያ ሳንቃ ከሁሉ ይሻላል፥ ብዙ ዘመን ደርቋልና። ከእርሱ ግን ምስማሩ ሁሉ ይነቀል፤ አንድ የተረሳ ምስማር የመጋዝ ጥርስ ይሰብራል፥ እጅም ያቈስላል።

ውፍረቱ 4 ወይም 5 ሴንቲሜትር ቢሆን መልካም ነው። ስስ ሳንቃ ማዘንበሉን አያሳይም። ከዳሩ አጠገብ የቅርንጫፍ አንጓ ያለበት ሳንቃ ለሌላ ሥራ ጉድለት ይባላል፤ ለዚህ ሥራ ግን ይመረጣል፤ የዳሩ ጕብታ በዚያ ላይ ይሆናልና።

ጠረጴዛው ከአንድ ሳንቃ የሚሰፋ ከሆነ 3 ሳንቃ ጐን ለጐን ይገጠማል። የሚጋጠሙት ዳሮች ቀጥ ብለው ይቀራሉ፤ የዛፍ ዳር የሚወጣው በሁለቱ የውጭ ሳንቃዎች የውጭ ጐን ብቻ ነው።

4ኛ፤ ስለ መሣሪያው

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች እነዚህ ናቸው፤ የእጅ መጋዝ፥ ሰፊ መሮ፥ የዕንጨት መዶሻ፥ ትንሽ ስለታም መጥረቢያ፥ መላጊያ፥ የዕንጨት ሞረድ፥ የሽቦ ብሩሽ፥ ሻካራና ለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት፥ ከሰል ወይም ጠመኔ፥ ሜትር፥ ቀጥ ያለ ዘንግ፥ እርጥብ ጨርቅ። ሁለት እጀታ ያለው፥ ወደ ራስ እየሳቡ የሚፍቁበት ቢላዋ ቢገኝ ሥራው ይቀላል፤ ባይገኝ ግን መጥረቢያና ሞረድ ይበቃሉ። መሣሪያው ሁሉ አስቀድሞ ይሳል። የደነዘ መሮ በኀይል ስለሚገፋ ከስለታሙ ይልቅ አደገኛ ነው።

ሳንቃው በሞርሳ ወይም በገመድና በሽብልቅ ጠብቆ ይታሰር። ተማሪ ሳንቃውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው መሮ እንዲገፋ ፈጽሞ አይፈቀድለት።

5ኛ፤ ስለ ሥራው ተራ

አንደኛ፤ ዛፉን መመልከት። አስተማሪው ተማሪዎቹን ወደ ቆመ ዛፍ ይውሰዳቸው። ቀጥ ያለውን ዘንግ ከግንዱ ጐን አስጠግተው ያቁሙና፥ በየስንዝሩ ከዘንጉ እስከ ግንዱ ያለውን ክፍተት ለክተው ይጻፉ። በአንዱ ቦታ 1 ሴንቲሜትር፥ በሌላው 3፥ ቅርንጫፍ ባለበት ባዶ ሆኖ ያገኙታል። ይህ ጽሑፍ የዛፉ የጐን መልክ ነው። ብዙ ሰው ዛፍን በልቡ ሲያስበው ከእውነተኛው ይልቅ የተጣመመ አድርጎ ያስበዋል፤ ልኩን የጻፈ ተማሪ ግን የዛፍ ጐን ረዥምና ዝግ ያለ መሆኑን ይረዳል።

ሁለተኛ፤ ሳንቃውን ማንበብ። የሳንቃው ገጽ በእርጥብ ጨርቅ ይታበስ፤ ጅማቱ ወዲያው ጐልቶ ይታያል። ቀጥሎ ጫፉ፥ በመጋዝ አግድም የተቈረጠበት በኩል ይታይ። በዚያ እንደ ደጋን የጐበጡ መስመሮች አሉ። የደጋኑ እቅፍ የሚመለከትበት ገጽ የልብ ገጽ ነው፤ የደጋኑ ጀርባ የሚመለከትበት የቅርፊት ገጽ ነው። የልቡ ገጽ ሰፊ፥ የቅርፊቱ ገጽ ጠባብ እንዲሆን ይሠራል። ጠረጴዛ ሲሆን የቅርፊቱ ገጽ ወደ ላይ ቢደረግ ያዘነበለው ዳር ለተቀመጠ ሰው ሁሉ ይታያል።

ሦስተኛ፤ መሥመር ማውጣት። በከሰል በቅርፊቱ ገጽ ላይ ዳሩ የሚሆነው መሥመር ይሣል። የተጻፈው የዛፍ ልክ ይረዳል፤ ነገር ግን ልኩና ጅማቱ ሳይስማሙ ቢቀሩ ጅማቱ ይፍረድ። ጅማቱ ወደ ውጭ በሚወጣበት መሥመሩ ይውጣ፥ በሚገባበት ይግባ። ጥልቀቱ ከ1 እስከ 3 ሴንቲሜትር ይበቃል። ለ2 ሜትር ሳንቃ 2 ወይም 3 ጕብታ በቂ ነው። ጕብታዎቹ ርቀታቸውም መጠናቸውም እኩል አይሁን። ከሣሉ በኋላ 10 እርምጃ ርቆ መመልከት፥ ያላማረውን አጥፍቶ ደግሞ መሣል ያስፈልጋል። ከሰል በጨርቅ ይጠፋል፤ በመጋዝ የተቈረጠ ግን አይመለስም።

መሥመሩ ከተወደደ በኋላ በልቡ ገጽ ላይ ሁለተኛ መሥመር ይሣል። ይህ መሥመር ከመጀመሪያው ይልቅ ወደ ውጭ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ ርቀቱም በአንዱ ቦታ ሰፋ በሌላው ጠበብ ይበል። የዳሩ ማዘንበል በእነዚህ በሁለቱ መሥመሮች መካከል ይሆናል።

አራተኛ፤ መቍረጥ። ከዳሩ ጀምሮ ወደ ውጨኛው መሥመር በየ3 ወይም 4 ሴንቲሜትሩ በመጋዝ አግድም ይቈረጥ፤ መጋዙ ግን መሥመሩን ሳይነካ 2 ሚሊሜትር ያህል ሲቀረው ይቁም። በቍርጦቹ መካከል የቀረው ዕንጨት በመሮ ጥቂት በጥቂት ይነሣ። ባንድ ጊዜ ብዙ ለማንሣት የሚቸኵል ሰው ስንጥቁ ጅማቱን ተከትሎ ከመሥመሩ አልፎ ይገባበታል። ከተማ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ጠባብ መጋዝ ያላቸው አናጢዎች ይህን በቶሎ ይፈጽሙታል፤ የባላገር ተማሪ ግን በመሮና በትዕግሥት ያንኑ ያገኛል።

በዚህ ሥራ አንድ የማይሻር ሕግ አለ፤ መሣሪያው ሁልጊዜ ከጕብታው ወደ ሥርጕዱ ይውረድ እንጂ ከሥርጕዱ ወደ ጕብታው አይውጣ። ሲወርድ ጅማቱን ያስተኛዋል፥ ሲወጣ ጅማቱን ይፈነቅለዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሥርጕድ ከቀኝም ከግራም ወደ መካከሉ ይሠራል።

አምስተኛ፤ ማዘንበል። በመጥረቢያው ወይም በሁለት እጀታው ቢላዋ ከአንዱ መሥመር ወደ ሌላው እየተፋቀ ዳሩ ይዘንብል። ማዘንበሉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዐይነት ከሆነ የመሣሪያ ሥራ መሆኑን ያሳብቃል፤ ስለዚህ በአንዱ ቦታ በርከት፥ በሌላው አነስ ይበል። ከዚያ በኋላ ሞረድ የመሮውን ጠባሳ ያጥፋ።

ስድስተኛ፤ ገጹን ማበጀት። ቅርፊቱ የተነሣለት ግንድ በእጅ ቢዳሰስ ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን በቁመቱ የሚሄዱ ጥልቅ ያልሆኑ ረዣዥም ሰርጓዳ መስመሮች አሉበት። ይህን ለማምጣት የሽቦ ብሩሽ በጅማቱ አቅጣጫ ብቻ በኀይል ይሳብ፤ ብሩሹ ለስላሳውን ዕንጨት ሲፍቅ ጠንካራው ጐልቶ ይቀራል። አግድም የተሳበ ብሩሽ የማይጠፋ ጭረት ይተዋል። ቀጥሎ የብርጭቆ ወረቀት በጣት ተይዞ፥ አስቀድሞ ሻካራው በኋላም ለስላሳው፥ በየሥርጕዱ ይታሽ። ይህን የሚሠራ ተማሪ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍን፤ የዕንጨት ብናኝ ለሳንባ መልካም አይደለም። በመጨረሻ ዳሩ ከገጹ ጋራ የሚገናኝበት ስለት እጅ እንዳይቈርጥ ትንሽ ይሙት፥ የላይኛውም ገጽ በመላጊያ ይስተካከል።

6ኛ፤ ስለ ቅባት

ቀለም የእጅን ድካም ሁሉ ይሸፍናልና ለዚህ ሥራ አይስማማም። የተልባ ዘይት በጨርቅ ስስ ተደርጎ ይቀባ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ያልጠጣው ትርፍ ይወልወል። ለቀለም ሥራ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የተልባ ዘይት ቶሎ ይደርቃል፤ እንዲያው የተጨመቀው ግን ብዙ ቀን ይፈልጋል። ከደረቀ በኋላ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ይደገማል። በመጨረሻ ንጹሕ የንብ ሰም ለዘብ ብሎ በጨርቅ ቢታሽበት ዳሩ ለእጅ ደስ የሚል ይሆናል።

እዚህ ላይ አስተማሪው አጥብቆ ሊያስጠነቅቅ የሚገባው ነገር አለ። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨምድዶ ወይም ተከምሮ ቢቀር፥ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ እሳት ሳይነካው በራሱ ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ጨርቁ በሥራው ፍጻሜ ከቤት ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፥ ወይም በውኃ ይነከር። በሰጋቱራ ላይ ፈጽሞ አይጣል።

7ኛ፤ ስለሚደርሱት ስሕተቶች

የጀማሪዎች ስሕተት ብዙ ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው። አንደኛው ጕብታና ሥርጕዱን እኩል እኩል እያደረጉ እንደ እባብ ማስኬድ ነው፤ ዛፍ እንዲህ አይበቅልም። ሁለተኛው የግራውን ዳር ገልብጦ ለቀኙ መቅዳት ነው፤ የአንድ ግንድ ሁለት ጐኖች ይዛመዳሉ እንጂ አንዱ የሌላው ጥላ አይደለም። ሦስተኛው ጅማቱን ሳይመለከቱ መሥመሩን በአግድም ማሳለፍ ነው፤ ይህን ማንም አስተዋይ ወዲያው ያየዋል። አራተኛው ቅርፊት አምጥቶ በኮላ ማጣበቅ ነው። ቅርፊት ሲደርቅ ይለቃል፥ በሥሩም ነቀዝና ሌላ ተባይ ይሸሸግበታል፤ እውነተኛ የዛፍ ዳር ያላቸውን ሳንቃዎች እንኳ አናጢዎች ብዙ ጊዜ ቅርፊታቸውን ያነሡላቸዋል።

8ኛ፤ ማስመሰልና ማታለል እንዴት እንደሚለያዩ

በእጅ የወጣን ዳር ለመለየት የሚሻ ሰው የሳንቃውን ጫፍ ይይ። በእውነተኛው ዳር የመጨረሻው የደጋን መስመርና ዳሩ አብረው ይሄዳሉ፤ በእጅ በወጣው ዳር ግን ደጋኖቹ በዳሩ ተቈርጠው ይታያሉ። እጅግ የሠለጠነ አናጢም ይህን ሊሸሽግ አይችልም። እንግዲህ የማይሸሸገውን ነገር በሐሰት ከመሸሸግ አስቀድሞ በግልጥ መናገር ጥበብም ክብርም ነው።

በጃፓን አገር ከኪዮቶ ከተማ በስተሰሜን ኪታያማ በሚባል ስፍራ የሚበቅል የታወቀ ዛፍ አለ። ግንዱ በቤት ውስጥ ለክብር በሚለይ ስፍራ ዓምድ ሆኖ ይቆማል። ከዛፎቹ አንዳንዱ በተፈጥሮ ግንዱ እንደ ተጨማደደ ጨርቅ ሸንተረር ያወጣል፤ ይህም ውድ ነው። እንዲህ ያለው ጥቂት ስለ ሆነ፥ ገበሬዎቹ በቆመው ዛፍ ዙሪያ ቀጫጭን ዘንጎች ደርድረው በሽቦ ያስሩታል። ዛፉ ሲወፍር ዘንጎቹ ይጫኑትና የሸንተረር መልክ ይሰጡታል። ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ስም አይሸጡም፤ አንደኛው «የተፈጥሮ»፥ ሁለተኛው «ሰው ሠራሽ» ይባላል። ገዢው የሚገዛውን ዐውቆ ይገዛል፤ ሰው ሠራሹም በራሱ ስም የተከበረ ሥራ ሆኖ ይኖራል።

እንግዲህ መልክን መምሰል በራሱ ኀጢአት አይደለም። ሠዓሊ አበባን ይሥላል፥ ሸማኔ በጥለት ላይ ሐረግ ያወጣል፤ ማንም ተታለልሁ አይልም። ማታለል የሚሆነው ሻጩ የእጁን ሥራ የዛፍ ሥራ ነው ብሎ የዛፉን ዋጋ ሲቀበል ነው። ዝም ማለትም ገዢው ተሳስቶ እንደ ሆነ እየታወቀ ከሆነ ከመዋሸት አይለይም።

ስለዚህ ለትምህርት ቤት ሥራ ይህ ልማድ ቢያዝ ይበጃል፤ በእጅ የወጣ ዳር ያለው ዕቃ ሁሉ በሥሩ፥ በማይታየው ገጽ ላይ፥ በጋለ ብረት «ዳሩ በእጅ የወጣ» ተብሎ ከዓመተ ምሕረቱ ጋራ ይጻፍበት። ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ቢሄድና የሠራው ቢሞት እንኳ እውነቱ ከዕቃው ጋራ ይኖራል።

ማጠቃለያ

በመጀመሪያ ወደ ተነገረው ምሳሌ ለመመለስ፥ ጠረጴዛው አለቀና እንግዳው ከከተማ ተመልሶ መጣ እንበል። ዳሩን በእጁ እየዳሰሰ «ይህ ከየትኛው ግንድ ተሰነጠቀ?» ብሎ አንዱን ተማሪ ጠየቀው።

ልጁም «ጌታዬ፥ ሳንቃው ከፈረሰው ጐተራ መዝጊያ የወጣ ነው፤ ዳሩን ያወጣንለት እኛ ነን። ልኩን የወሰድንበትን ግንድ ማየት ቢወዱ ግን ውጭ ቆሟል» ብሎ ዋንዛውን አሳየው።

እንዲህ ያለ መልስ የሰጠ ተማሪ እጁም ዐይኑም ልቡም ተምሯል። ሽማግሌውም ከዋንዛው ጥላ ሥር ተቀምጠው ይህን ቢሰሙ፥ ዛፉም ቃሉም በየቦታቸው መቆማቸውን ይረዳሉ።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

1. በሳንቃው ገጽ ላይ ያለው ጅማት ዳሩን የሚከተለው ስለ ምንድር ነው?

2. የሳንቃን የልብ ገጽና የቅርፊት ገጽ በምን ምልክት መለየት ይቻላል?

3. እያንዳንዳቸው 30 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው 3 ሳንቃዎች ጐን ለጐን ተገጠሙ። በሁለቱ የውጭ ጐኖች የዛፍ ዳር ሲወጣ ከየጐኑ እስከ 3 ሴንቲሜትር ተነሣ። ሁለቱ ሥርጕዶች ትይዩ ቢሆኑ ጠረጴዛው በጠበበበት ቦታ ስፋቱ ስንት ሴንቲሜትር ይሆናል?

4. መሮ ከጕብታው ወደ ሥርጕዱ እንጂ ከሥርጕዱ ወደ ጕብታው የማይገፋው ለምንድር ነው?

5. የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨምድዶ ቢጣል ምን ሊደርስ ይችላል?

6. አንድ አናጢ በእጁ ያወጣውን ዳር የዛፍ ዳር ነው ሳይል፥ ገዢው ግን እንደዚያ መስሎት ብዙ ዋጋ ቢሰጠው፥ አናጢው ምን ማድረግ ይገባዋል? ተማሪው መልሱን ከነምክንያቱ ይናገር፤ ሽማግሌዎችም ይፍረዱ።